የበለስ ማር ያረረ ዕለት

በለስ ሲፈላ እሳቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። መጀመሪያ ይህን ጻፊልኝ። የሚፈላበት ትሪ በአንድ ወገን እየተንተከተከ በሌላው ወገን ከተኛ፣ የተኛው ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ የሚንተከተከው ያርራል። ያረረው ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ደህናውን ሁሉ ያመርረዋል። አንድ ጭልፋ ያረረ ሦስት ጆንያ በለስ ገደል ይከታል።

«እምዬ፣ ቀስ በዪ» ትያለሽ። እሺ። የቸኮልኩት ልቤ እንዳይመለስ ብዬ ነው። ፊደል ብቆጥር ኖሮ አንቺን አላስጽፍሽም ነበር፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እጽፈው ነበር። አንቺም በነገሩ ውስጥ አለሽበት። ያንቺ ቦታ ሲደርስ እንዳትዘልዪው።

ጎጎን የማያውቅ ሰው እንዳይደናገር ከሷ ልጀምር። እዚህ በሰው አገር፣ ቮስሎሩስ በሚሉት ሰፈር የምንኖርበት ግቢ የሷ ነው። ልጄ፣ አባትሽ፣ ሾፕ የሚሉትን ሱቅ የከፈተው በሷ ጋራዥ ነው፣ እኛም የምናድረው ከጓሮዋ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የምትባለው፣ አያት ማለት ነው። እኔም እንደ ሰው ጎጎ ብዬ ብጠራት ተቆጣችኝ። ወገቧን ይዛ ምን ምን አለች። አንቺ ያኔ ገና ጥርስሽ የሚወልቅ ልጅ ነሽ፣ ግን ቋንቋቸው ቀድሞ ገብቶሽ ነበር።

«እምዬ፣ ‘አንቺም እኮ ፀጉርሽ ነጭ ነው፣ እኔ ላንቺ አያት የምሆነው በምን ሒሳብ ነው’ ትልሻለች» አልሽኝ።

«ታዲያ ማን ልበላት?»

ተነጋገራችሁ። «‘እሺ ጎጎ ትበለኝ፣ እኔም ጎጎ እላታለሁ’ ብላለች» አልሽ። በዚያው ቀረ። ሁለት ጎጎ በአንድ ግቢ። አባትሽ አንዷን ሲጠራ ሁለታችንም ብቅ እንል ነበር።

ጎጎ ደረቷ አይደላትም ነበር። አስም ነው፤ መድኃኒቱን ወደ አፍ የምትነፋ፣ በጭብጥ የምትያዝ መንፊያ ነበረቻት። ደረጃ ስትወጣ እሷን ወደ አፏ ታደርግና ሳብ፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ደግሞ ስድብ። ደረጃውን ነው የምትሰድበው።

በለሱ የመጣው በገባን በሁለተኛው ታኅሣሥ ነው። ባኪ የሚሉት ከኋላው ክፍት መኪና መጣና ሦስት ጆንያ ዘርግፎላት ሄደ። ወጥቼ ባየው በለስ! ዕንባዬ መጣ። በኛ አገር፣ ከቆቦ በታች፣ ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ሲሆን የሚያሻግረን በለስ ነው። የተዘራው እስኪደርስ በለስ ልጠን ነው የምናድረው። ጎጎ በለሱን «ኢቶሎፊያ» ትለዋለች። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ አስተርጓሚ የለንም። እኔ ዝም ብዬ ከአጥሩ ሥር ሣር ነጨሁ፣ በጭብጤ ያዝኩና በለሱን መሬት ላይ እያንከባለልኩ መጥረግ ጀመርኩ። እሾሁ የሚረግፈው እንደዚያ ነው። ቆማ ስታየኝ ቆየች። ከዚያ ገብታ መጥረጊያ ይዛ መጣችና ከጎኔ ትጠርግ ጀመር። እሷም የተወለደችው እዚህ አይደለም። ኬፕ ከሚሉት፣ ደረቅ መሬት ካለበት አገር ነው የመጣች። እዚያም በለስ የሚጠረገው እንዲሁ ነው አሉ።

አንዱን ልጬ ልበላ ስል እጄን ያዘችኝ። ሆዷን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊቷን አኮማተረች፣ ከዚያ አቃሰተች። ገባኝ! በለስ የበዛበት ሰው ሽንት ቤት ምን እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ፣ ታላቅ ወንድሜን እናቴ በዘይት ነው ያዳነችው። እኔም ሆዴን ይዤ አቃሰትኩ። ሁለት አሮጊት መሬት ተቀምጠን እንዲህ እያቃሰትን ስንስቅ አባትሽ ከሾፑ እየሮጠ መጣ፣ የታመምን መስሎት።

ለካ በነሱ አገር በለስ ይፈላል። ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ፍሬው በጨርቅ ተጣርቶ፣ ጭማቂው እሳት ላይ ውሎ ማር ይሆናል። እኔ አላመንኩም። ዕድሜዬን በሙሉ የበላሁት ነገር ማር እንደሚሆን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት። ጎጎ በርሜል አስቀድዳ፣ አስቀጥቅጣ፣ ጠርዙን ዙሪያውን አስጎብጣ ያሠራችው የሰው ቁመት ያህል ትሪ ነበራት። በሁለት ረድፍ ጡብ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሳቱ በመሐል እንደ ቦይ ይሄዳል።

እሳት ግን አትችልም ነበር! ከአባትሽ ሾፕ የተረፈ፣ ዕቃ የሚደረደርበት የፓሌት እንጨት በአፉ በኩል ትሞላለች፣ እሱ ደግሞ ቦግ ይልና ይጠፋል። ከፊት ይገነፍላል፣ ከኋላ ይተኛል። እሷ ጭልፋ ይዛ ከዳር ዳር ትሮጣለች፣ ከዚያ መንፊያዋን ትፈልጋለች። ይህን አይቼ አልቻልኩም። ገፋ አደረግኳትና ተቀመጥኩ። ወፍራሙን ፍልጥ፣ ያንን ቅርፊቱ ጥቁር የሆነውን፣ እስከ ኋላ ድረስ በረጅሙ አጋደምኩት፣ ፍም ይዞ የሚቆይ እሱ ነው። ፓሌቱን እንደ ጣት ሰነጣጥቄ ከፊት በትንሽ በትንሹ። አመድ ሲበዛ ከሥር መጥረግ፣ ነፋስ ሲመጣ በዚያ ወገን አንድ ጡብ ማስጠጋት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፣ ትሪው በሙሉ እንደ አንድ ሰው ይተነፍስ ጀመር። ጎጎ ወገቧን ይዛ «ሃይ ቦ!» አለች፣ ሲደንቃቸው የሚሉት ነው። ከዚያ ወዲህ እሳቱ የኔ ሆነ። እሷ እየዞረች «ካንጪንጪ፣ ካንጪንጪ» ትለኛለች፣ በትንሽ በትንሹ ማለቷ ነው። እኔ ለመንኳት እንዴ! እሳት ለኔ ልታስተምር!

አንድ ነገር ብቻ አላግባባንም። ወሩ የገና ጾም ነው። እኔ በጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምላሴ ላይ ነገር አላደርግም። እሷ ማንኪያውን ወደ አፌ ታመጣለች፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ተቀየመች፣ የተጠየፍኳት መሰላት። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ነው የታረቅነው።

«ትጾማለች በያት።»

«‘ማር እኮ ሥጋ አይደለም’ ትላለች።»

«ሰዓቱ ነው በያት፣ ምግቡ አይደለም።»

«‘ሳትቀምሺ ታዲያ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?’ ትላለች።»

አፍንጫዬን በጣቴ ነካሁ። ጎጎ ግድግዳውን ይዛ ነው የሳቀችው። ይሳቅ እንጂ፣ የኛ አገር ሴት በጾም ስታበስል በአፍንጫዋ ነው፣ ጨው ማነሱን ራሱ በአፍንጫዋ ታውቃለች። የበለስ ማርም ጠረኑ ይናገራል። መጀመሪያ እንደ ጥሬ ዱባ ነው። ሲቆይ ተምር ተምር ይላል። መጨረሻ ላይ የተቆላ ገብስ ዓይነት ነገር ብልጭ ሲል ፍሙን ከሥሩ ወዲያው መሳብ ነው፣ አንድ ጸሎት ያህል ከዘገየሽ አርሯል። ጎጎ ትፈትነኝ ጀመር። «ጎጎ?» ትልና አፍንጫዋን ትነካለች። እኔ «ገና» እላለሁ። ትቀምሳለች፣ ገና ነው። እንደገና «ጎጎ?» ትላለች። «አሁን!» ስላት ትቀምስና ጭልፋውን ወደ ሰማይ ታነሳለች። «ገና» እና «አሁን» የሚሉትን ሁለት ቃላት በአማርኛ የተማረችው ያኔ ነው። እሷ በምላሷ፣ እኔ በአፍንጫዬና በእሳቴ። የሁለታችን ጉድለት አንድ ላይ አንድ ሙሉ ሰው ወጣው።

ሦስት ታኅሣሥ እንዲህ አፈላን።

ከዚያ በሽታው መጣ። መጋቢት ላይ ሁሉም ነገር ሲዘጋ የጎጎ ልጅ፣ ከተማ ቢሮ የምትሠራው፣ ደወለችና አንቺን አነጋገረች። «እናቴ ደረቷ እንዲህ ነው፣ ከያዛት አትተርፍም። እኔ መምጣት አልችልም፣ መንገድ ተዘግቷል። አያትሽ ትጠብቅልኝ» አለች። ይህን ስትነግሪኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እጠብቃታለሁ በያት» አልኩ። አደራ ነው። አደራ ምን እንደሆነ ለዚያች ልጅ በነሱ ቋንቋ እንዴት እንዳልሽላት አላውቅም፣ እኔ ግን አደራ ብዬ ነው የተቀበልኩት።

ጠበቅኳትም። ዘጠኝ ወር። ዳቦዋን ከሾፑ አመጣና ደረጃዋ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላዬ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ነው በሩን የምትከፍተው። ደንበኛ ግቢ እንዳይገባ አባትሽ በሩ ላይ ጠረጴዛ እንዲገትር ያደረግኩ እኔ ነኝ። በመንገዱ ስንት ሰው ሞተ። ከፊታችን ያለው ቤት ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት ሄዱ። ጎጎን ግን ጉንፋን እንኳ አልነካት። እኔ ኮራሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ በአንድ ነገር ኮርቼ አላውቅም። ልጅቷ በየእሑዱ ስትደውል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» ትል ነበር፣ አንቺም ትነግሪኝ ነበር። እሑድ እሑድ ስልኩ እስኪጮህ እጠብቅ ነበር እኮ፣ አላየሽኝም?

ታኅሣሥ ሲመጣ በለሱ መጣ። ልጅቷ በስልክ «ዘንድሮ ይቅር» ብላ ለመነች። ጎጎ አሻፈረኝ አለች። ዘጠኝ ወር ከግድግዳ ጋር ያወራ ሰው ምን ይባላል? ተስማማን። ትሪው ይዘረጋል፣ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ ማስካችንን አድርገን። የሰው ቁመት ያህል በመሐላችን አለ፣ ደጅ ነው፣ ነፋስ አለ። እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እኔም ናፍቄ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባትሽ ዕቃ ሊያመጣ ጀፕ፣ የኛ ሰዎች ከሚነግዱበት የጅምላ ገበያ፣ ደርሶ መጣ። ለገና ገበያ ሰው እንደ ጉንዳን ነበር አለ። ሁለት ቀን ጉሮሮውን ከረከረውና «ብርድ ነው» ብሎ ተወው። እኔም ብርድ ነው አልኩ። በለሱ የፈላበት ቀን ጠዋት ወገቤን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር። ዕድሜ ነው አልኩ።

እሳቱ ያን ቀን እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ይህን አደራ ጻፊው፣ ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረፋ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። ጎጎ በዚያ ጫፍ ታማስላለች፣ በማስኳ ውስጥ ታንጎራጉራለች። «ጎጎ?» ትለኛለች አፍንጫዋን እየነካች፣ እኔ «ገና» እላለሁ። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት ሆነ። «ጎጎ?» «ገና።» ገብሱን ጠበቅኩ። ገብሱ አልመጣም። በልቤ፣ ዘንድሮ በለሱ ውሃ በዝቶበታል እላለሁ። ዱባውም ተምሩም እንዳልመጣ አላስተዋልኩም። ሁለት ፍልጥ ጨመርኩበት።

«ሃይ ቦ! ሃይ ቦ! ሃይ ቦ!»

ጎጎ ጭልፋዋን ጥላ ወደኔ ስትሮጥ አየሁ። አንቺም ከሾፑ በር «እምዬ! መንገዱ ድረስ እኮ አረረ አረረ ይላል፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልሽ። ወደ ትሪው ባይ በኔ በኩል ጥግ ጥጉ ጠቁሯል። ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። እኔ ከላዩ ተደፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ምንም አልሸተተኝም።

ጎጎ አጠገቤ ደረሰች። ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል፣ በሩጫው ትንፋሽ አጥሯታል። እየሳቀች ነበር። ካረረው በጭልፋ ጨለፍ አደረገችና የኔን ማስክ በራሷ ጣት ዝቅ አድርጋ ከአፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። «ጎጎ?» አለች። ሳብኩት። ቤቱ ውስጥ ማንም የሌለበትን በር እንደ ማንኳኳት ነው። ደግሜ ሳብኩ። ምንም።

አንቺ ከስልክሽ ስታነቢልኝ ነበርና አውቀዋለሁ። ሳል፣ ትኩሳት፣ የአፍንጫና የምላስ መጥፋት። እዚያው አውቄዋለሁ። «አላወቀችም ነበር» እንዳትዪልኝ። ቃል አያስፈልገኝም ነበር እኮ። እጄን ዘርግቼ ገፋ ባደርጋት፣ «ሂጂ፣ ራቂ» ብላት፣ በየትኛውም ቋንቋ ይገባት ነበር።

እኔ ወደ ጭሱ በጣቴ አሳየሁ። ጭሱ ነው አልኩ። ዓይኔን አሸሁ። ጎጎ አመነችኝ። በሽርጧ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝ፣ እንደ ሕፃን።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ መሰለሽ። ለአባትሽ ሾፕ ፈርቼ ነው ማለት እችላለሁ። ሰፈሩ «በሽታውን ያመጡት መጤዎቹ ናቸው» ብሎ ሾፑን ያቃጥለዋል ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። እሱም ነበረበት። ግን የዚያች ደቂቃዋ እሱ አልነበረም። አፍሬ ነው። ዘጠኝ ወር ጠበቅኳት ብዬ የኮራሁ ሴት፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። በቃ ይኸው ነው። እሑድ እሑድ የሚመጣውን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ላጣው አልፈለግኩም።

ከዚያ ደግሞ ማሩን ማትረፍ ነበረብን። ያረረው ወደ ደህናው ሳይደርስ በጭልፋ እየጨለፉ ወደ ድስት መገልበጥ ነው፣ ይህ ደግሞ ከአንድ ጫፍ ሆኖ አይሠራም። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ጨለፍን። አንድ ሰዓት ሙሉ። እሷ ታወራለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጨልፋለሁ። ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይሰማኝ ነበር። የኔም እሷ ላይ።

ማታውን ትኩሳቱ ጣለኝ። ክፍሌን ዘጋሁ። አባትሽ ወስዶ አስመረመረኝ፣ አለብሽ ተባለ፣ እሱም እንደዚያው። «ለጎጎ እንዳትቀርብ ንገሪያት» አልኩሽ። አንቺም በመስኮቷ «ጎጎ ትንሽ አሟታል፣ አትምጪ» አልሻት። ስለ በሽታው አልነገርሻትም፣ እኔም ንገሪያት አላልኩም። በማግስቱ ደረጃዬ ላይ ጠርሙስ ተቀምጦ አገኘሁ። ከተረፈው ማር ዝንጅብል ጨምራ ያፈላችልኝ ነው። ከመስኮቴ ራቅ ብላ ቆማ «ጎጎ! ካንጪንጪ!» ብላ በእጇ መጠጣት አሳየችኝ። ራቅ ብላ ነበር የቆመችው። አውቃ ይሆን? አንዳንዴ አውቃ ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አላወቀችም እላለሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም። ጠጣሁት፣ ጣዕም የለውም፣ ሙቅ ውሃ ነው።

የነሱ ገና ዕለት ልጅቷ መጣች። መንገዱ ተከፍቶ ነበር፣ ከመጋቢት ወዲህ እናቷን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከመስኮቴ አየኋቸው። ልጅቷ በሩቅ ቆማ እጇን አውለበለበች፣ ጎጎ ደረጃውን እየሰደበች ወርዳ ሄደችና አቀፈቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ እንዳትነካት። ከዚያ አልቻለችም፣ እሷም አቀፈቻት። ቆዩ እንዲያ።

በሦስተኛው ቀን የጎጎ ሳል በግድግዳው በኩል ተሰማኝ። እኔ ድኜ ተነስቼ ነበር። በአምስተኛው ቀን ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጥተው በወንበር አስቀምጠው አወጧት። መንፊያዋን ጨብጣለች። በኛ መስኮት በኩል ስታልፍ ቀና አለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር፣ ፈገግ ልትል ስትሞክር ሳሉ ያዛት። ተከትዬ መውጣት ፈልጌ ነበር፣ አባትሽ በሩ ላይ ያዘኝ። የኛ ገና ሳይደርስ ሞተች። ሬሳዋ ቤቷ አልገባም። በነሱ ወግ ሟች አንድ ሌሊት በቤቷ ታድራለች፣ ሴቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ለጎጎ ያ አልሆነላትም። መኪናው በራፉ ላይ ትንሽ ቆመ፣ አንድ መዝሙር ዘመሩ፣ ሄደ።

አሁን ያንቺ ቦታ ደረሰ። ጻፊ።

ልጅቷ ቤቱን ልታጸዳ በመጣች ጊዜ ከደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ፊት ለፊቷ መሬት ተቀመጥኩ፣ አንቺ በመሐል ቆምሽ። አንድ ነገር ደጋግማ ትላለች።

«ምን አለች?» አልኩሽ።

«‘እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ’ ትላለች፣ እምዬ። ‘የገና ዕለት ባላቅፋት ኖሮ። ቢሮ ውስጥ የታመመ ሰው ነበር፣ አውቄ ነው የመጣሁት’ ትላለች።»

ያን ጊዜ ነገርኩሽ፣ አንቺም ያን ጊዜ ነው የሰማሽው። «እሷ እንዳልሆነች ንገሪያት። እሷ ከመምጣቷ ከአራት ቀን በፊት እኔ ታምሜ ነበር በያት። ማሩ ሲያርር አልሸተተኝም በያት። አውቄ ጭሱ ነው አልኩ፣ ትከሻዋ ላይ ተንፍሼ ዋልኩ በያት። አደራዋን የበላሁ እኔ ነኝ በያት።» አንድ በአንድ ነው የነገርኩሽ፣ እያለቀስኩ።

አየሽኝ። ከዚያ ወደ ሾፑ አየሽ፣ አባትሽ ዕቃ እየደረደረ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞርሽና ተናገርሽ። ያ ሁሉ የኔ ንግግር ባንቺ አፍ አንድ እፍኝ አልሞላም። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ ግን የነገርን ልክ አውቃለሁ። ልጅቷ ቀና አለችና ሁለት እጄን ያዘች። ሳመችኝ፣ እጄን። እናቷን የገደለ ሰው እጅ እንደዚያ አይሳምም። ያልሻትን ባላውቅም ያላልሻትን አወቅኩ።

ልቆጣሽ አይደለም። ለአባትሽ ብለሽ ነው፣ ለኔ ብለሽ ነው፣ ከዚህ ግቢ እንዳንወጣ ብለሽ ነው። ልጅ ነሽ። ግን እኔ ልጅ አልነበርኩም። «አይደለም፣ ድገሚላት» ማለት እችል ነበር። እጄን ሰጥቼ ዝም አልኩ። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ያንን ነው ራሴን የምጸየፍበት፣ ቀለል ያለኝን።

ዓመት አለፈ። ማስኩ አሁንም አለ፣ ሰው ግን መልመድ ይችላል። ልጅቷ በየወሩ ትመጣለች። ከስታለች፣ ልብሷ ከላይዋ ላይ ተሰቅሏል። የእናቷን ክፍል አትከፍትም። ባለፈው የነሱ ገና ቤት ሁሉ ሙዚቃ ሲያሰማ እሷ መኪናዋን በራፍ አቁማ ውስጡ ተቀምጣ ዋለች። ሻይ ልኬላት አንቺ ይዘሽላት ሄድሽ። ስትመለሺ ፊትሽ ሌላ ነበር። «ምን አለችሽ?» ብልሽ፣ «‘ዛሬ እናቴን የገደልኩበት ቀን ነው’ አለችኝ» ብለሽ ከክፍልሽ ገብተሽ ዘጋሽ። ያን ዕለት ነው ደብተር አምጪ ያልኩሽ። ሁለት ሳምንት አለቀስሽ፣ ደብተሩን ደበቅሽ፣ ከዚያ ራስሽ አመጣሽው።

እስከዚህ ያለውን ባለፈው እሑድ ለልጅቷ አንብበሽላታል፣ በቋንቋቸው፣ በስልክ። ስልኩን አልጋ ላይ አስቀምጠሽ ድምፁን ከፈትሽው። አባትሽም በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ነግረነው ነበርና። «ይሁን» ብሎ ነው የቆመው። በዚህ ጊዜ ልኩን ጠበቅኩ። ረጅም ነበር። እኔ የተናገርኩት የሚያህል ነበር። አንቺ ያንቺ ቦታ ስትደርሺ አልዘለልሽውም።

ጨረስሽ። መኪና ሲያልፍ ይሰማ ነበር፣ በሷ በኩል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?»

ስልኩን ከአልጋው አንስተሽ ጭንሽ ላይ አደረግሽው።

«ምን አለች፣ የኔ ልጅ?»

«‘ያን ቀን እዚያው ደረጃው ላይ ለምን አልነገራችሁኝም’ ትላለች።»

አየሁሽ፣ አየሽኝ። አባትሽ መሬት መሬት አየ። ልጅቷ ጠበቀች፣ አልቸኮለችም። ከዚያ ዘጋችው።

ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። አልደወለች፣ አልመጣች። ውጡ ትለን ይሆናል፣ አባትሽ ጀፕ ቤት መጠየቅ ጀምሯል። ቀለለሽ ወይ ብለሽ ትናንት ጠየቅሽኝ። አልቀለለኝም፣ የኔ ልጅ። መናገር ያቀላል የሚሉት ውሸት ነው፣ ቢያንስ ለኔ ውሸት ነው። ትናንት ማታ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ያቺ ልጅ አሁን የምትናደድበት ሰው አላት። እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ ከራሷ በቀር ማንም አልነበራትም። ትናደድብኝ። ትጥላኝ። ብቻ የገና ዕለት ዳግመኛ መኪናዋ ውስጥ አትዋል።